በጀሪካን የመጣች ተከሳሽ

[ቦታው ከቆቦ ወጣ ብሎ ወደ ዋጃ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ የአንድ የወፎች ምርምር ማዕከልና ጥብቅ ስፍራ በር ላይ ነው። ወሩ ጥቅምት፣ ሰዓቱ ከጠዋቱ ሁለት። አስጎብኚው ይድነቃቸው ከግራር ጥላ ሥር የእንግዳ መዝገቡን ዘርግቶ ተቀምጧል። አሥራ ሁለት ኪስ ያለው ሰደርያ ለብሷል፤ አሥራ አንዱ ኪስ ባዶ ነው። አንገቱ ላይ የሩቅ ማያ መነጽር አንጠልጥሏል። የሦስት ሳምንት ሥልጠና ወስዶ ከተመለሰ ወዲህ፣ በእሱ ቤት፣ ስለ ወፍ ከእሱ በላይ የምታውቅ ወፍ ራሷም የለችም። ከፊቱ የቆመው አራጌ ከዋጃ በታች ማሽላ የሚያርስ ጎልማሳ ገበሬ ነው። ድምፁ ከጩኸት ብዛት ሰልሏል። አፉ በጨርቅ የታሰረ ቢጫ ጀሪካን ታቅፏል። ክርክሩ ከተጀመረ ቆየት ብሏል።]

ይድነቃቸው፦ ነገርኩዎት እኮ አባቴ! ወደ ውስጥ የሚገባው ሰው ነው፤ ጀሪካን አይገባም።

አራጌ፦ እኔ መች እገባለሁ አልኩህ ልጄ? የምትገባዋ እሷ ናት።

ይድነቃቸው፦ እሷ ማን?

አራጌ፦ ጥፋተኛዋ።

ይድነቃቸው፦ [መዝገቡን በብዕሩ እየመታ] እዚህ ላይ «የጉብኝቱ ዓላማ» ይላል። ምን ብዬ ልሙላ?

አራጌ፦ ክስ በል።

ይድነቃቸው፦ ክስ የሚባል ጉብኝት የለም! መዝናናት አለ፣ ትምህርት አለ፣ ፎቶ ማንሳት አለ።

አራጌ፦ እንግዲያስ ትምህርት በል። ከብቱን የማይጠብቅ ሰው ዛሬ ይማራል።

ይድነቃቸው፦ የምን ከብት?

አራጌ፦ የናንተዋ ናታ! ማሽላዬን ፈጀችው።

ይድነቃቸው፦ [በረጅሙ ተንፍሶ] ይስሙኝ። ይህ ማዕከል ከብት የለውም። ያለችው አንዲት ውሃ የምታመላልስ አህያ ናት፤ እሷም የጥበቃው ናት፤ ታስራ ነው የምታድረው።

አራጌ፦ አህያ አይደለችም። አህያማ አራት እግር አላት።

ይድነቃቸው፦ የርስዎዋስ?

አራጌ፦ ሁለት።

ይድነቃቸው፦ [ብዕሩን ያስቀምጣል] ሁለት እግር ያላት፣ ማሽላ የምትበላ። እሺ፣ መልኳስ?

አራጌ፦ ጠየም ያለች፣ ደቃቃ ነገር ናት። አፏ ቀይ ነው፤ ደም ውስጥ የነከረችው ይመስላል።

[ይድነቃቸው ቀዝቀዝ አለ። ጠይም፣ ደቃቃ፣ ከንፈሯን ቀይ የምትቀባ አንዲት ሰው ያውቃል። የማዕከሉ ጸሐፊ ቆንጅት ናት። ቆንጅት ደግሞ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ቢሮ አልገባችም።]

ይድነቃቸው፦ አባቴ... እግሯ ላይ አልቦ ነገር አለ?

አራጌ፦ አለ እንጂ! የሚያብለጨልጭ፣ በግራ እግሯ። የናንተ መሆኗን ያወቅኩት በምን ሆነና?

ይድነቃቸው፦ በስመ አብ! ቆንጅት ማሽላ ሰረቀች?

አራጌ፦ ስሟን አላውቅም። ብቻዋን ብትሆንማ ይቅር ባልኩ። ሺህ ሆነው ነው የሚመጡት።

ይድነቃቸው፦ ሺህ ቆንጅት?

አራጌ፦ ቢያንስ። ገና ሳይነጋ ይሰፍሩበታል፤ እየተንጫጩ ይለቅሙታል፤ ስጮህባቸው ተነስተው ማዶ ማሳ ላይ ያርፋሉ። ይቺን ግን ማሽላው ላይ የወጠርኩት የካሴት ክር ጠልፎ ጣለልኝና አሰርኳት።

ይድነቃቸው፦ የቢሮ ሠራተኛ አሰሩ? የት ነው ያሰሯት?

አራጌ፦ [ጀሪካኑን ከፍ አድርጎ] እዚህ ውስጥ ናታ።

[ይድነቃቸው ወንበሩን ገልብጦ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ። ጀሪካኑ ሃያ ሊትር የሚይዝ ነው። በልቡ ቆንጅትን ለካት፤ አልገጠመችም።]

ይድነቃቸው፦ ሙ... ሙሉዋን?

አራጌ፦ ሙሉዋን ነዋ! ምን ሰው አድርገኸኛል? ክንፏን እንኳ አልነካሁም።

ይድነቃቸው፦ ክንፏን?

[አራጌ ጨርቁን ገለጥ ያደርጋል። ይድነቃቸው በአንድ ዓይኑ አጮልቆ ያያል። አንዲት ቀይ መንቁር ያላት ግሪሳ በቁጣ መልሳ ታየዋለች።]

ይድነቃቸው፦ [ወንበሩን እያነሳ] ወፍ! ወፍ ናት እኮ! ታዲያ ከመጀመሪያው ወፍ ናት አይሉም?

አራጌ፦ የወፍ ቤት መጥቼ ወፍ ናት ልበልህ? ወፍጮ ቤት የሄደ ሰው የተሸከምኩት እህል ነው ይላል?

ይድነቃቸው፦ ወይ ጉድ! አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል አሉ። ይኸው እርስዎን የመሰለ ሰው ነው ይችን አገር ወደ ኋላ የጎተታት። ወፍ ባለቤት የላትም አባቴ። ወፍ የተፈጥሮ ናት።

አራጌ፦ የኔ በሬዎች ጆሯቸው ተበጥቷል። የአፋሮቹ ግመል ጭኑ ላይ ተተኩሷል። ምልክት ያለው ከብት ማሳ ገብቶ ከበላ የሚጠየቀው ባለ ምልክቱ ነው። ይህ ከአባት ከአያት የመጣ ነው፤ እኔ ዛሬ አላወጣሁትም። እስቲ ንገረኝ፤ እግሯ ላይ ያለው የማን ምልክት ነው?

ይድነቃቸው፦ [ደረቱን ነፍቶ] የኛ ነዋ! በዚህ ወረዳ ወፍ ላይ ቀለበት የሚያስር ሌላ ማን አለ? አምና አራት መቶ ወፍ አስረናል።

አራጌ፦ አራት መቶ! እሰይ፣ አመንክልኝ። እኔ እንኳ አንዷን ብቻ ነበር የከሰስኩት።

ይድነቃቸው፦ ምንም አላመንኩም! ይህ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው!

አራጌ፦ ወላሂ ውላለች! ኩሷም እዚያው ማሽላው ላይ አለ፤ ና ላሳይህ።

ይድነቃቸው፦ [ጭንቅላቱን ይዞ] ቀለበቱ ለምርምር ነው። ምርምር! ወፏ ወዴት ወዴት እንደምትሄድ ለማወቅ ነው የምናስርላት።

አራጌ፦ ወደ ማሽላ ነው የምትሄደው።

ይድነቃቸው፦ ይህ በጥናት ገና አልተረጋገጠም።

አራጌ፦ እኔ ሠላሳ ዓመት አረጋግጬዋለሁ።

ይድነቃቸው፦ የርስዎ ማረጋገጥ ማረጋገጥ አይባልም፤ አልተጻፈማ! ደግሞ ለማወቅ ያህል፣ ግሪሳ በዋናነት የምትመገበው ነፍሳት ነው። ማሳዎ የገባችው ማሽላውን ከትል ልታጸዳልዎ ነው። ሊያመሰግኗት ሲገባ በጀሪካን አስረው አመጧት።

አራጌ፦ እንግዲያስ ጽዳት አብዝታለች። ትሉን ትታ ማሽላውን ነው ያጸዳችው።

ይድነቃቸው፦ [ሰዓቱን እያየ] በሉ ይሂዱ። ጎብኚዎች ይመጡብኛል።

አራጌ፦ [ጀሪካኑን መዝገቡ ላይ አስቀምጦ ይቀመጣል] እኔ ፍርዴን ሳላገኝ አልሄድም። ካሣ አልጠየቅኩህም፤ የጠየቅኩህ አንድ ሰው ነው። በኛ መንደር ደንቡ እንዲህ ነው፤ ከብቱ እሸት የበላበት ሰው፣ አዝመራው እስኪገባ ድረስ ማሳውን ይጠብቃል። ከናንተ አንድ ሰው ስጠኝ። ማሳዬ መሀል ማማ አለኝ፤ እዚያ ላይ ቆሞ ወፍ ይጠብቅልኝ። ሁለት ሳምንት ነው የቀረው።

ይድነቃቸው፦ ማማ ላይ? የኛ ሠራተኛ? ዲግሪ ያለው ሰው «እሽ! እሽ!» ሊል?

አራጌ፦ ልጄ፣ ቀልድ አይደለም። ልጆቼ ተበትነዋል። ዚነት ባለቤቴ ጉልበቷን ታማ ማማ አትወጣም። እኔ አሥር ቀን ሙሉ ከጨለማ እስከ ጨለማ ብቻዬን ጮኼ ድምፄ ሄዷል፤ ትሰማኛለህ። ይህ ማሽላ ከጠፋ ዓመቱን የምንቀምሰው የለንም። ከልቤ ነው የማለቅሰው።

[ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ አንገቱን ይደፋ ነበር። ይድነቃቸው ግን ከሰደርያው ኪስ ጥርስ መፈልፈያ አወጣ። ሙሉው ኪስ ይሄ ነው።]

ይድነቃቸው፦ በጣም ያሳዝናል። ግን እዚህ ወፍ የምንወድ ሰዎች ነን ያለነው። ወፍ ማባረር ከሥራ መደባችን ውጭ ነው። በሉ ወፏን ልልቀቃትና ይሂዱ።

[እጁን ጀሪካኑ ውስጥ ከትቶ ወፏን ይይዛል፤ ትነክሰዋለች፤ እያማረረ ያወጣታል። ሊለቃት ሲል ዓይኑ ቀለበቱ ላይ ካለው ቁጥር ላይ ያርፍና እዚያው ደርቆ ይቀራል። ለካ የማዕከሉ ኃላፊ ዶክተር ራሔል ከዓመት በፊት ማስታወቂያ ለጥፈው ነበር። ቀለበት ያላት ወፍ መጀመሪያ ያገኘ ሰው ስሙ በር ላይ በሰሌዳ ይጻፋል፤ የማዕከሉ ሠራተኛ ከሆነ ደግሞ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ለአንድ ወር ሥልጠና ይላካል። ዓመቱን ሙሉ ከአራት መቶው አንዷን ያገኘ የለም። ይድነቃቸውም በመነጽሩ ሲያማትር ከርሞ ያገኘው የጎረቤት ዶሮ ብቻ ነው።]

ይድነቃቸው፦ [ድምፁ ማር ሆኖ] አባቴ... ቆመው ነው እንዴ እስካሁን?

አራጌ፦ ተቀምጫለሁ እኮ።

ይድነቃቸው፦ ይሁን፣ ደህና አርገው ይቀመጡ። ስምዎትን ማን ልበል?

አራጌ፦ አራጌ።

ይድነቃቸው፦ አያ አራጌ፣ ክስዎ ትልቅ ክስ ነው። ልረዳዎት ፈልጌ ነበር፤ አንድ ችግር ብቻ አለ። ወፏን ያገኘ ሰው የተማረ መሆን አለበት። ገበሬ ነው ያገኛት ከተባለ ዋጋ የለውም።

አራጌ፦ ወፏ ታዲያ ገበሬ ማሳ ለምን ሄደች? የተማረ ሰው ጋ አትሄድም ነበር?

ይድነቃቸው፦ እሷማ መሃይም ናት! ስለዚህ እኔ አገኘኋት እላለሁ፤ እርስዎም አዎን ይላሉ። በቃ።

አራጌ፦ ይሄ ሐሰት አይሆንም?

ይድነቃቸው፦ በገበሬ ቤት ሐሰት ነው። በምርምር ቤት ትብብር ይባላል።

አራጌ፦ ትብብር። እኔ እንኳ አልዋሽም ልጄ፣ አላህ ያየኛል። አንተ ስትዋሽ ግን ዝም እልልሃለሁ።

ይድነቃቸው፦ ይበቃል! ዝምታ ነው የምፈልገው። [ስልኩን ከሱሪ ኪሱ ያወጣል] «ዶክተር፣ በመንገድ ሳልፍ ወፏን አገኘኋት» እላታለሁ።

አራጌ፦ እንዲያማ ካልክ ዕድል ነው ትልሃለች። ዕድልማ ለአህያም ይገጥማታል።

ይድነቃቸው፦ [ስልኩን ዝቅ አድርጎ] ምን ማለትዎ ነው?

አራጌ፦ እኔ ምን አውቃለሁ? ብቻ ማሽላ መሀል የተያዘችን ወፍ መንገድ ላይ አገኘኋት ብትል፣ ኩሷ እንኳ ያጋልጥሃል። ማማው ላይ ቆሜ ሳጠና ነው ብትል ግን ሥራ ይሆናል።

ይድነቃቸው፦ ጎሽ! ሳያስቡት ሳያስቡት ጥሩ ይናገራሉ እኮ። «ማማ ላይ ሆኜ ሳጠና!»

አራጌ፦ ማማው ላይ ከስንት ሰዓት ጀምረህ ነው የምትቆመው?

ይድነቃቸው፦ ከሦስት ሰዓት ልበል?

አራጌ፦ በሦስት ሰዓት ወፉ ጠግቦ ሄዷል።

ይድነቃቸው፦ እሺ፣ ከንጋት። እስከ... ምሳ?

አራጌ፦ ማታ ሲመለስ ማን አየው?

ይድነቃቸው፦ ከንጋት እስከ ምሽት! ምን ቸገረኝ፣ ወሬ ነው። [ይደውላል] ሀሎ ዶክተር! ዶክተር ይድነቃቸው ነኝ!... አይ፣ ዶክተር እርስዎ ነዎት፤ እኔ ይድነቃቸው ነኝ። አገኘኋት! ቀለበት ያላት፣ አራት መቶ አሥራ... ይቅርታ፣ ሦስት መቶ አሥራ ሰባት!... አዎ በሕይወት አለች! እየነከሰችኝ ነው!... የት? ከዋጃ በታች፣ ማሽላ ማሳ ውስጥ። ማማ ላይ ሆኜ... የለም፣ የለም፣ ዛሬ ብቻ አይደለም! በየቀኑ ነው የምቆመው። አሥር ቀኔ ነው፤ ከንጋት እስከ ምሽት። [ወደ አራጌ ጠቅሶ] ከሥራ ሰዓት ውጭም፣ ከሥራ ሰዓት ውስጥም። ማን አዘዘኝ? ፍቅር ነው ዶክተር! የወፍ ፍቅር!

[አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል ይላሉ። የይድነቃቸው አፍ ተከፍቶ ስለነበር፣ ውስጡ ሐዋሳና ሐይቁ ወለል ብለው ይታዩ ነበር። ሰሌዳው ላይ ስሙ በስንት ፊደል እንደሚጻፍ ሁሉ ቆጥሯል።]

ይድነቃቸው፦ አቤት?... ባለ ማሳው? አዎ፣ አጠገቤ ናቸው፤ ምስኪን ሰው ናቸው። ላቅርብልዎት። [ስልኩን በእጁ ከድኖ ለአራጌ] አዎን ብቻ ይበሉ፤ ሌላ ቃል አይጨምሩ!

አራጌ፦ [ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ] አሰላሙ አለይኩም ዶክተር... አዎን... አዎን... ኧረ ምን ያስቸግረናል፣ ደስታችን ነው!... እስኪታጨድ? አዎን፣ ሁለት ሳምንት ነው ኢንሻአላህ... ማማውማ ጠንካራ ነው፣ ይችለዋል... ምግብ? ዚነት ቁርስና ምሳ ትልክለታለች... ከልቡ ነው አዎን፣ ወዶ ነው... አብሽሪ ዶክተር፣ አደራው በኔ ነው። አላህ ይስጥልን።

ይድነቃቸው፦ [በኩራት ስልኩን ይቀበላል] ሰሙ ዶክተር? ምን ልበል፣ ገበሬው ሁሉ ይወደኛል... አቤት?... ልቀጥልበት?... የት ላይ?... [ፊቱ ቀስ በቀስ ይወርዳል] እስኪታጨድ ድረስ?... በየቀኑ?... አይ፣ ከንጋት ያልኩት እንኳ... አዎ ብያለሁ... ሐሙስ? ከዩኒቨርሲቲ እንግዶች ይዘው? ማማው ላይ ሊያዩኝ?... እሺ። እሺ ግን የሐዋሳው ነገርስ?... [ብድግ ይላል] ፍሬሰላም? የጥበቃው ፍሬሰላም በኔ ፋንታ ሊሄድ? ዶክተር፣ ፍሬሰላም እርግብና ዶሮ መች ይለያል!... አዎ ገባኝ፣ ጥናቱ መቋረጥ የለበትም... እሺ... አመሰግናለሁ።

[ስልኩ ተዘጋ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እንዲህ ላለው ሰው ነው። ይድነቃቸው ወፏን ለቀቃት። ወፏ አንድ ጊዜ ከግራሩ በላይ ዞረችና ወደ ዋጃ አቅጣጫ፣ ወደ ማሽላው፣ ቀጥ ብላ ሄደች።]

ይድነቃቸው፦ ምን አሏት? ዶክተሯን ምን አሏት?

አራጌ፦ አዎን አልኳት። ሌላ ቃል አትጨምር አላልከኝም? ትንሽ ጨመርኩ መሰለኝ።

ይድነቃቸው፦ እኔ እኮ ማማ ወጥቼ አላውቅም! ከፍታ ያዞረኛል!

አራጌ፦ አሥር ቀንህ አይደል እንዴ? ትለምደዋለህ።

ይድነቃቸው፦ አያ አራጌ፣ በልጆችዎ ይዤዎታለሁ። መልሰው ይደውሉላት። እውነቱን ይንገሯት፤ «ወፏን ያገኘኋት እኔ አራጌ ነኝ» ይበሏት።

አራጌ፦ አሁንማ እንዴት አድርጌ? እኔ ገና ስመጣ እውነቱን ይዤ ነበር የመጣሁት፤ በጀሪካን አድርጌ። አልፈለግኸውም። ትብብር ነው አልከኝ፣ ይኸው ተባበርን።

ይድነቃቸው፦ ሆን ብለው ነው! ገበሬ መስለው መጥተው...

አራጌ፦ ገበሬ ነኝ እኮ። አንድ ሰው ልጠይቅ መጣሁ፤ አንድ ሰው ይዤ ልሄድ ነው። በል ተነስ፣ ባጃጁ ሳይሞላ። የዛሬው ምሽት እንዳያመልጠን።

[ይድነቃቸው መዝገቡን ይዘጋል፣ መነጽሩን ያስተካክላል፣ ሰደርያውን ይቆልፋል። ክብሩ ትንሽ የተረፈው ይመስለዋል። ጣቱን ቀስሮ ይዞራል።]

ይድነቃቸው፦ እሺ! እቆማለሁ! ግን ይህችን ይወቁ። እኔ የምቆመው እንደ ተመራማሪ ነው። አያለሁ፣ እቆጥራለሁ፣ ነጭ ወረቀት ላይ እጽፋለሁ። ከዚያ ውጭ አንዲት ወፍ «እሽ» አልልም! ድንጋይ አልወረውርም! አልጮህም! ለማሽላዎ አንዲት ጥቅም አልሰጥም!

አራጌ፦ [ባዶ ጀሪካኑን ትከሻው ላይ አድርጎ] አትጩህ ልጄ፣ ጉሮሮህን ምን በወጣው። ቀጥ ብለህ ቁምና ወረቀትህን ገለጥ ገለጥ አርግ። ማማ ላይ ሰው ቆሞ ነጭ ነገር ከተወዛወዘ ግሪሳ አያርፍም። ተመራማሪ ይሁን ገበሬ፣ እሷ እንደሆን ለይታ አታውቅም።